ጉንዳኖቹ አልዋሹም

ለማከብርዎት እትዬ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ደረጃ ሲወጡ ያ ቁርጥማት ዛሬም ይይዝዎታል? ሳሉስ ተወዎት? ልጅዎ፣ ባሏ፣ ትንሿም፣ ሁሉም ሰላም ናቸው? አንድ ነገር ልለምንዎት፤ ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው አያንብብልዎት። መነጽርዎን ያድርጉና፣ ጊዜ ቢወስድም፣ ራስዎ ያንብቡት።

እኔ ሰውነቴ ደህና ነው። አሁንም እዚያው የደን ጣቢያ ነኝ። ጠዋት ቢሮዎቹን ጠርጌ፣ ብርጭቆዎቹን አጥቤ ስጨርስ ከተመራማሪዋ ጋር የጉንዳን ኩይሳ ልንቆጥር እንወጣለን። ልጅ እግር ሴት ናት፤ ማዘር እያለች ነው የምትጠራኝ። ማንበብ በዘር ከረጢት ላይ ካለው ጽሑፍ በራሴ መማሬን ከሰማች ወዲህ መዝገቡን የምጽፈው እኔ ነኝ። የግምጃ ቤቱ ሰውዬ ታዲያ ባየኝ ቁጥር፣ እመቤት፣ ዛሬስ ስንቱ ጉንዳን ሥራ ገባ፣ ስንቱስ የዓመት ፈቃድ ወጣ እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ሰሞኑን ግን መቀለዱን ትቷል።

እትዬ፣ ጫካው እርስዎ የሚያውቁት ጫካ አይደለም። ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ነው፤ ከስር ግን ደርቋል። ድሮ ቅጠሉን ገለጥ ሲያደርጉት እጅ ያረጥብ የነበረው መሬት አሁን እንደ አመድ ይቦናል። የወደቀው ግንድ ሳይበሰብስ ይሰነጠቃል። ጉንዳን ደግሞ ጥላና እርጥበት ካጣ እንቁላሉ ይደርቅበታል። ቁጥር የለጠፍንባቸው ኩይሳዎች አርባ ሁለት ነበሩ፤ በታች በኩል ያሉት አሥራ ሰባቱ ባዶ ናቸው። እንጨት ብሰድባቸው አንድ ነፍስ አይወጣም። የቀሩት ቀዝቀዝ ወዳለው፣ በየዓመቱ ወደ ሽቅብ ይሰደዳሉ። ጫፉ ላይ ሲደርሱስ ብዬ ተመራማሪዋን ብጠይቃት፣ ከጫፉ በላይማ ሰማይ ነው ማዘር አለችኝ። እነሱ በለቀቁት ቦታ ትሉን የሚለቅም የለም። ቅጠሉን አባጨጓሬ በልቶት ወንፊት መስሏል።

በጓሯችን ያለው ትልቁ ኩይሳም ባለፈው ወር ባዶ ሆነ። ወንድምዎ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያን ኩይሳ እንዴት ይወደው እንደነበር ያውቃሉ። የጫካ ጥበቃ ሆኖ ከተቀጠረ ጀምሮ በቤታችን ሕግ ነበረው፤ ቀድሞ የተነሳ ሰው ኩይሳውን አይቶ ለሌላው ይናገራል። ጉንዳኖቹ እንቁላላቸውን ተሸክመው ሽቅብ ከወጡ ከባድ ዝናብ ይመጣልና ያን ቀን ወንዝ አይሻገርም። ያየነውንም ደብተር ላይ እናሰፍር ነበር፤ ከወጡ የቆመ ጭረት፣ ካልወጡ የተኛ ጭረት። ያኔ እኔ ፊደል ስለማላውቅ ነው በጭረት የሆነው።

ተመራማሪዋ ይህን ደብተር ለመነችኝና ሰጠኋት። ከጣቢያው የዝናብ መዝገብ ጋር ስታስተያየው ከረመች። ባለፈው ሳምንት ደስ ብሏት እየሮጠች መጣች። የዘጠኝ ዓመቱ ጭረት ከዝናቡ ጋር እንደ ክርና መርፌ ገጥሟል፣ የመጨረሻዋ ጭረት ብቻ ናት የተሳሳተችው አለችኝ። ጣቷን ያሳረፈችበት ቀን ወንዙ ወንድምዎን የወሰደበት ቀን ነው። እሷ ያን አታውቅም። ሙቀቱ ጉንዳኖቹን ማሳት የጀመረው ከዚህ ቀን ነው ማለት ነው፤ ይህን እጽፈዋለሁ አለች። እኔ መጥረጊያዬን አንስቼ መጥረግ ቀጠልኩ።

እትዬ፣ ያን ጭረት ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ያን ጠዋት ቀድሜ ተነስቻለሁ። እርስዎ አሞኛል ብለው ልከውበት፣ የሚያፈሰውን ጣራ ሳይጠግን እሄዳለሁ ስላለኝ አኩርፌው ነበር። ኩይሳውን አየሁት። እንደ ሩዝ ፍሬ የነጡ እንቁላሎቻቸውን በአፋቸው ይዘው፣ ተሰልፈው በግድግዳችን ሽቅብ ይወጣሉ። እሱ ጫማውን እያሰረ፣ ጉንዳኖቹ እንዴት አደሩ አለኝ። ደህና አድረዋል አልኩት። ዝናብ ይምታው፣ በስብሶ ይመለስና ጣራው ትዝ ይበለው ብዬ ነው። ሌላ አላሰብኩም። ከሄደ በኋላ ደግሞ ውሸቴ እንዳይታወቅ ጭረቱን አስተኛሁት።

እርስዎ ግን እኔ ባልጠራው ኖሮ እያሉ ደረትዎን ሲመቱ፣ እኔ አጠገብዎ ተቀምጬ የእግዜር ሥራ ነው እያልኩ አጽናናዎት ነበር። ልጅዎ ዘንድ ርቀው ከሄዱ ወዲህም በየደብዳቤዎ ያንኑ ቃል አነባለሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ፣ የራሴን ሸክም አሥራ አንድ ዓመት በእርስዎ ጀርባ ጭኜ ኖርኩ። ጉንዳን ላይ ሲጫን ነው አላስችል ያለኝ። ይህም ራሱ ያሳፍራል።

ዛሬ ጠዋት ለተመራማሪዋ ነገርኳት።  የጻፈችውን ሰረዘችና ደብተሩን መለሰችልኝ። እኔም ከተኛው ጭረት አጠገብ የቆመውን አሰመርኩ። ትንሽ ጠሟል።

ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፍ የለኝም። ከዚህ በኋላ ባይጽፉልኝም እውነትዎን ነው። ብቻ ያን ቃል ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። የታመመ ሰው ወንድሙን ይጠራል፤ እርስዎ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ለልጅዎ እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ። ባሏን፣ አናጢውን፣ የሠራልኝ በርጩማ እስካሁን አልተነቃነቀም ይበሉት። ትንሿን በሁለት ጉንጮቿ ይሳሙልኝ። ጉንዳኖቹ ደህና ናቸው ወይ ብላ ከጠየቀች እውነቱን ይንገሯት። ደህና አይደሉም።

የወንድምዎ ሚስት
ከጫካው ዳር፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን