የሐዋ እናት ለቅሶ

ኅዳር 8፣ ሰኞ፣ ከሰዓት

የ8ኛ ክፍል ድርሰት እያረምኩ ነው። ርእስ፦ «የማልረሳው ቀን»። ደብተሬ፣ ዛሬ የገጠመኝን ስሚ። ሐዋ የምትባል ዝምተኛ ልጅ አለች፤ ዘንድሮ ከከላላ የመጣች። የእናቷን ሞት ጽፋለች። ቤቱ ሰው ሞልቶት፣ ለሷ የጎደለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው ትላለች። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ደግሜ አነበብኩት። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እኔ ልለው ያቃተኝን ይህች ልጅ አለችው። ከ10፣ 10። ር/መምህሩ አንብበው ለወረዳው ውድድር ይሂድ አሉ። የራሷ ሥራ ነው ብዬ ፈረምኩ።

ሐዘኗን ሳልሰማ መቅረቴ ከነከነኝ። ምን ዓይነት መምህር ነኝ?

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ጉድ ነው። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለቅሶ ልደርስ ሐዋ ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈተችው እናትየዋ! ወ/ሮ ዘሐራ።  ነጠላዬን አይታ፣ ውይ ጋሼ፣ ማን ሞቶብዎት ነው አለች። አፌ «ባለቤቴ» አለ። እውነት ነው። መቼ ሞተች ብላ አልጠየቀች፣ እኔም አልነገርኩ። ካረፈች እኮ ሦስት ዓመት አልፏል። ወ/ሮ ዘሐራ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። አላህ ያጥናዎት እያለች ከልቧ አለቀሰች። ቅዳሜ ጎረቤቶቿን አስከትላ፣ ዳቦና ንፍሮ ይዛ ቤቴ ልትመጣ ነው።

ጌታዬ ይቅር በለኝ። አሁን በየት ልውጣ?

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ሐዋን በዕረፍት ሰዓት ጠየቅኳት። ስልክ ላይ ኤአይ የሚሉትን ማሽን አጽፋ ነው። ርእሱን ብቻ ሰጠችው። «ግደላት አላልኩትም ቲቸር፣ ራሱ ነው የገደላት!» ልሳቅ ወይስ ልቆጣ? አንቺስ የማትረሺው ቀን የለሽም ብላት፣ የኔማ ምን ይጻፋል ብላ አቀረቀረች።

ር/መምህሩ ዘንድ ገብቼ ነገርኳቸው። ተልኳል፣ ማን ያውቃል አሉ። ከእንግዲህ እርማቱንም ማሽን ይሠራዋል፣ የእርስዎ መፈረም ብቻ ነው አሉኝ፤ ሊያሳርፉኝ ፈልገው። ማሽን ይጽፋል፣ ማሽን ያርማል፣ እኔ እፈርማለሁ። ት/ቤቱን ካዋረድኩ ደግሞ ገጠር ይመድቡኛል። የባለቤቴ መቃብር እዚህ፣ እኔ እዚያ። ዝም ልበል?

ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ ሚካኤል

ታቦቱ ሲያልፍ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ነገ ሴቶቹ ይመጣሉ። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወ/ሮ ዘሐራ ዘንድ። ሁሉን ነገርኳት።  «እኔን ገድላ ስንት አገኘች?» አለች።

ከአሥር አሥር አልኩ። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አንብቡልኝ አለች። ቅጂውን አውጥቼ አነበብኩላት። ሳቋ ጠፋ። ያምራል፣ ግን የልጄ አፍ አይደለም አለች። ሐዋ ሲከፋት ቃል አይወጣትም፤ የታጠበ ዕቃ መልሳ ታጥባለች። እርስዎ መምህሯ አይደሉ፣ እንዴት አላወቁም?

አላወቅኩም። ከመስከረም ጀምሮ ፊቴ ተቀምጣለች፤ አንድ ቀን ወግ አላወጋኋትም። ባውቃት ኖሮ ሁለተኛው መስመር ላይ ሳልደርስ የሷ እንዳልሆነ በገባኝ ነበር።

ልጂቱን እንዳትመታት ለመንኩ። እሺ አለች። ነገም አልቀርም አለች፤ የሦስት ዓመት ለቅሶ ለቅሶ አይደለም እንዴ?

ኅዳር 14፣ እሑድ

ትናንት መጡ። ባለቤቴ እንደ አዲስ ተለቀሰላት። ጎረቤቶቼ ግራ ገብቷቸው አብረው አለቀሱ።

ነገ ጧት ወረዳ ት/ጽ/ቤት እሄዳለሁ። ድርሰቱ ከውድድሩ ይውጣ፤ ሳላጣራ ፈርሜ ነው እላለሁ። እፈራለሁ። ከመደቡኝም ይመድቡኝ። ቀድሜ ግን ሐዋን አስጠርቼ አጠገቤ አስቀምጣታለሁ። ወረቀት የለም፣ ስልክ የለም። ስለ እናቷ በአፏ ትንገረኝ። ቃል ካልወጣት እጠብቃለሁ፤ ደወል ቢደወልም እጠብቃለሁ።