ተስፋው ያስነሳው ሞተር

ሰቆጣ፣ ነሐሴ ፳፱ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ምንዋጋው፤ ከነቤተሰብዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነን።

የምሥራች! ባለቤቴ፣ ወንድምዎ ተስፋው፣ በእጁ የሚሠራት አውሮፕላን ሞተሯ ተነሣ! የጎደለው ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው ባለ ክንፍ መንኮራኩር ነበር፤ አስመራም ተፈልጎ አልተገኘም። መስቀል ሠሪው አቶ ገብረ አምላክ፣ «እኔ እሠራዋለሁ» አሉ። በሰም ቀርጸው፣ በጭቃ ሸፍነው፣ የካሚዮን ፒስተን አቅልጠው አፈሰሱበት። ደጋግሞ ተሰነጠቀ፤ የመጨረሻው ግን ሲመቱት እንደ ደወል ጮኸ! ትናንት ሞተሩ ሲያጓራ ገበያተኛው ሁሉ ሮጦ መጣ፤ እኔም እልል ስል ድምፄ ተዘጋ።

ለመስቀል በዓል ከገደሉ አፋፍ ይዣት እነሣለሁ ይላል። «ክንፉስ ተፈተነ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ሰማይ ላይ ይፈተናል» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሰሞኑን ከተጣላው ጎረቤታችን ጋር ታረቀ፤ የእርሻችንንም ድንበር እያዞረ አሳየኝ። «ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ስለው፣ «ማወቁ አይከፋም» አለኝ።

ከልጅነቱ ጀምሮ የእርስዎን ቃል ይሰማል። መንገዱ ጭቃ ቢሆንም ከበዓሉ በፊት ይምጡና ሞተሩን ይዩለት፤ አልጋዎን አንጥፌ ነው ይህን የምጽፍልዎ።

ልጆቹን በየስማቸው ይሳሙልኝ። በደህና ያገናኘን።

እህትዎ፣ ወለተ ሐና