ስለ ያኪሶባውና ስለ ወረቀቱ

ውድ እማማ ፉሚኖ፣

ይህን የምጽፍልዎ ከማእድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው። ከሥራ ገብቼ፣ ደጁ ላይ የተቆለለውን በረዶ ጠርጌ፣ እራቴን በልቼ ገና መቀመጤ ነው። ክንዴ ዝሏልና ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይታገሱኝ። እራቴ ምን እንደነበር አይጠይቁኝም፤ ያውቁታል። ያኪሶባ ነው። ጥቅል ጎመን ቆራረጥኩ፣ ትንሽ የአሳማ ሥጋ ጣል አደረግሁ፣ ከፓኬቱ ያወጣሁትን ኑድል ውሃ ረጨት አድርጌ ፈታሁት፣ ስጎውን አፈሰስኩበት፣ ከላይ እንቁላል። አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀብኝ። ከዚያ እዚያው ምድጃው አጠገብ ቆሜ ከመጥበሻው በላሁት። ቢያዩኝ ኖሮ "የፈረስ ዘር አለሽ እንዴ፣ ቆመሽ የምትበዪው?" ይሉኝ ነበር።

ከዚህ ቤት ከወጡ ዛሬ ሠላሳ አራተኛ ቀንዎ ነው። በስልክ ሦስት ጊዜ ተነጋግረናል፤ ሦስቱንም ጊዜ ያወራነው ስለ በረዶ ነው። በአፌ ያቃተኝን በወረቀት ልሞክረው ብዬ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ልጅዎ፣ ባሌ ኖቦሩ፣ በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ ሥራ ቦታው ላይ ወድቆ ሳይነሣ የቀረ ዕለት ይህ ቤት ለሁለት ሴቶች ቀረ። እስከዚያ ድረስ ሃያ ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖረናል፤ ግን ሁልጊዜ እሱ መሃላችን ተቀምጦ ነበር። የምንነጋገረው በእሱ በኩል ነበር። "እናትህን ሾርባው ጨው በዝቶባቸው እንደሆነ ጠይቃቸው" እለዋለሁ። "ሚስትህን በዚህ ብርድ ፀጉሯን አርጥባ አትውጣ በላት" ይሉታል። እሱ ሲሄድ ሁለታችንም አፍ አጣን።

እኔ ሳይነጋ በአሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቼ ወደ ፋብሪካው እሄዳለሁ። ነጭ ቆብና ጭንብል አድርጌ ቀኑን ሙሉ የሰው ምሳ ሳጥን ውስጥ ስደረድር እውላለሁ። አንድ ቁራጭ ዓሣ፣ ሁለት ቁራጭ ካሮት፣ ሩዝ፤ አንድ ቁራጭ ዓሣ፣ ሁለት ቁራጭ ካሮት፣ ሩዝ። ማታ ቤቴ ስገባ ምግብ የሚባል ነገር ማየት ያስጠላኛል። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም አራት ቀን፣ ያኪሶባ ሆነ። እርስዎ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጀርባዬን ያዩ ነበር።

"ዛሬም ይኸው ነው?"

"ዛሬም ይኸው ነው፣ እማማ።"

"ኧረ አታማስዪው! ይቀመጥበት፣ ትንሽ ይረር።"

"ጊዜ የለኝም።"

"ጊዜውማ ያለኝ እኔ ነኝ። እኔን ደግሞ እሳት አታስነኪኝም።"

እውነትዎን ነበር። አንድ ቀን ጋዙን ረስተው ፎጣ ከተቃጠለ ወዲህ ምድጃውን ከልክዬዎት ነበር። ስሄድ የጋዙን ቁልፍ ዘግቼ ነበር የምሄደው። ስልሳ ዓመት የቆሙበትን ምድጃ እንደ ሕፃን ከለከልኩዎ፤ ያን ጊዜ ግን እንዲህ ብዬ አላሰብኩትም። ያሰብኩት ስለ እሳት ብቻ ነው።

አሁን የማያውቁትን ልንገርዎ። ነሐሴ ላይ፣ በዚያ በሚያቃጥለው ሙቀት፣ ከሥራ ስመለስ እርስዎ በአጥሩ በኩል ከጎረቤታችን ከወይዘሮ ኩዶ ጋር እያወሩ ነበር። አላዩኝም። "ልጄ ከሞተ ወዲህ ምግብ የሚሉትን አላየሁም። ክር ነው የምታበላኝ፤ ክር!" አሉ። ወይዘሮ ኩዶም ሳቁ። በእጄ የያዝኩት ከረጢት ውስጥ ለእርስዎ ብዬ የገዛሁት ዓሣ ነበር። ገብቼ ዓሣውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ወረወርኩትና በእልህ ያኪሶባ ሠራሁልዎ። እርስዎም በሉት።

በማግሥቱ በምሳ ሰዓት ወደ ከተማው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ባሏ የሞተባት ሴት ከባሏ ቤተሰብ ጋር ያላትን ዝምድና የምታቋርጥበት ወረቀት እንዳለ ፋብሪካ ውስጥ ሴቶቹ ሲያወሩ ሰምቼ ነበር። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ፈገግ ብላ አንድ ቅጠል ወረቀት ሰጠችኝ። "የአማትዎ ፈቃድ አያስፈልግም፤ እንዲያውቁም አናደርግም" አለችኝ። ያን ቀን መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስሜን፣ የኖቦሩን ስም፣ አድራሻችንን ሞላሁ። ቀኑን ስደርስበት እስክሪብቶዬ ቆመ። ወረቀቱን አምጥቼ ከድስት ማድረቂያ ጨርቆቹ ሥር ደበቅሁት። አምስት ወር እዚያ ተኛ። ሲመረኝ ሄጄ ጨርቁን እዳብሰው ነበር። መውጫ እንዳለኝ ሳውቅ ትንሽ መተንፈስ እችል ነበር።

ከዚያ ያ የጥር ዕለት መጣ። መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ዘግይቼ ገባሁ። በሩን ስከፍት የስጎው ሽታ ተቀበለኝ። ነፍሴ ወጣች፤ ጋዝ! ጫማዬን ሳላወልቅ ሮጥኩ። እርስዎ በዚያ በተጣመመ ጣትዎ መጥበሻውን ይዘው ቆመዋል። ለካ ያን ጠዋት ቁልፉን መዝጋቱን ረስቼው ኖሯል። ሁለት ሳህን ሞልተዋል፤ ጎመኑ እንደ እርስዎ አቆራረጥ ቀጭን፣ ኑድሉ ጠርዙ ላይ አረር ያለ፣ እንቁላሉ አስኳሉ ያልደረቀ፣ ከጎኑ በሆምጣጤ የተቀመመው ቀይ ዝንጅብል። በእኔ ሳህን አጠገብ ደግሞ ያ ከጨርቆቹ ሥር የደበቅሁት ወረቀት።

"ተቀመጪና ብዪ፤ ይቀዘቅዛል" አሉኝ።

"እማማ፣ እኔ..."

"መጀመሪያ ብዪ።"

በላሁ። ኖቦሩ ከሞተ ወዲህ ሰው የሠራልኝን ምግብ በቤቴ ስበላ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ሁሉንም በላሁት። ሳህኑን እስክጨርስ ጠብቀው በጣትዎ ወረቀቱን ነካ አደረጉት።

"ቀኑን አልሞላሽውም።"

"አዎ።"

"እኔ እዚህ ቤት የገባሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። አማቴን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጥቤ፣ አጉርሼ ቀብሬያለሁ። ይህን ዓይነት ወረቀት መኖሩን የነገረኝ ሰው አልነበረም።"

"ቢያውቁስ ኖሮ ይሞሉት ነበር?"

"የባሌ ሬሳ ሳይወጣ!"

ሳቅን፣ እማማ። ሁለታችንም። እርስዎ ሳል እስኪይዝዎ፣ እኔ እንባዬ እስኪወርድ። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ አብረን እንደዚያ ስቀን አናውቅም። ከዚያ አፍዎን በመሐረብ ጠርገው፣ ልክ ስለ ነገ አየር እንደሚያወሩ ሆነው "ሴንዳይ፣ ሳዋኮ ጋ እሄዳለሁ። ልጄ አይደለች? ትያዘኝ" አሉ። ቅዳሜ መጥታ ወሰደችዎ።

አይሂዱ አላልኩም። ይህን ነው መናዘዝ የምፈልገው። ሻንጣዎን መኪናው ላይ ጫንኩ፣ ጎንበስ ብዬ ተሰናበትኩ፣ መኪናው ከመታጠፊያው ሲሰወር ደስ አለኝ። ገብቼ አሥራ አራት ሰዓት ተኛሁ። እፍረት የመጣው ቆይቶ ነው፤ እሱም ቢሆን ከድካሜ አልበለጠም።

ባለፈው ሰኞ ሳዋኮ ደወለችልኝ። የጤና መድን ወረቀትዎን እንድልክላት ነበር። ለምን ብዬ ብጠይቃት አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ቦታ እንደተገኘልዎ፣ ሚያዝያ ላይ እንደሚገቡ ነገረችኝ።

"እሳቸው ተስማሙ?" አልኳት።

"ገና አልነገርኳቸውም። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ቁጭ ነው። አይበሉም። እኔና ባሌ ሥራ ነን። ምን ላድርግ፣ ሚዙሆ? አንቺ ደክሞሽ የለም? እኔም ደከመኝ።"

አይፍረዱባት። ድምጿ የእኔው ድምፅ ነበር። ግን ሳይነገርዎ እንዲወሰንብዎ አልፈልግም፤ ለዚህ ነው የምነግርዎ። እኔም የጋዝ ቁልፍ ስዘጋ አንድም ቀን ጠይቄዎት አላውቅምና።

ማክሰኞ ዕለት ከፋብሪካው ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ። ወረቀቱን መልሼ ካስቀመጥኩበት ከጨርቆቹ ሥር አወጣሁት፣ ቀኑን ሞላሁት፣ ለጽሕፈት ቤቱ ሰጠሁት። ልጅቷ አየችው፣ ተቀበለችኝ። አለቀ። ዝምድናችን በመንግሥት መዝገብ ተቋርጧል።

ይህን ሲያነቡ ደረትዎ ላይ የሚሰማዎትን እገምታለሁ። እባክዎ ደብዳቤውን አያስቀምጡት፤ ይጨርሱት።

ያን ወረቀት ያስገባሁት ከእርስዎ ለመገላገል አይደለም። ከዚህ ቀደም ያጎረስኩዎ ሁሉ የግዴታ ጉርሻ ነበር። እርስዎም እንደ ግዴታ ዋጡት፤ ክር የሆነብዎትም ለዚህ ይመስለኛል። አሁን ግን እኔ ለእርስዎ ማንም አይደለሁም። ሕግ አያስገድደኝም፤ ጎረቤትም "ምራቷ አይደለች እንዴ?" ሊለኝ አይችልም። እንዲህ ነፃ ከሆንኩ በኋላ ራሴን ጠየቅሁ፤ የተሰማኝም አንድ ነገር ነው። እርስዎ እዚህ ቢሆኑ እወዳለሁ። ይመለሱ። አብረን እንኑር።

ድካሜ አልቀነሰም፤ በዚህ አልዋሽዎትም። አሁንም በሳምንት ሦስት ቀን ከፓኬት የወጣ ኑድል ነው። አንዳንድ ቀን ድምፄ ይጎላል። ገላዎን የምታጥብ ሴት በሳምንት ሁለት ቀን እንድትመጣ ያንኑ ዕለት እዚያው ጽሕፈት ቤት ጠይቄያለሁ፤ ይፈቀዳል ብለውኛል። ሲረሱት በራሱ የሚጠፋ ምድጃም አስገጥሜያለሁ። እኔ ባልኖርም ያብስሉበት። ስለ እኔ ለወይዘሮ ኩዶ የሚያወሩት ካለ ደግሞ መጀመሪያ ለእኔ ይንገሩኝ።

እሑድ ጠዋት በአራት ሰዓት ሴንዳይ እደርሳለሁ። ለሳዋኮ ነግሬያታለሁ፤ "እሳቸው ከፈለጉ" ብላ አለቀሰች። ፎቅ አልወጣም፤ ፊቴን አይተው እሺ እንዲሉኝ አልፈልግምና። ከሕንፃው በታች፣ መኪናው ውስጥ፣ እስከ ስድስት ሰዓት እጠብቃለሁ። ካልወረዱ ገብቶኛል፤ አልቀየምም። አይ፣ እቀየማለሁ፤ ግን ያልፍልኛል።

ከወረዱ ወፍራሙን ካፖርትዎን ይልበሱ። ስንመለስ የምናቋርጠው ተራራ ላይ ነፋሱ ክፉ ነው።

ምራትዎ የነበርኩት፣
ሚዙሆ