የአሳዳጊ ፊርማ የጎደለው ማመልከቻ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲያችን ሬጅስትራር ኃላፊ፣

አላህ ጤናዎን ያብዛልዎ፣ ቤተሰብዎን ይጠብቅልዎ፤ እናትዎ በሕይወት ካሉ ዕድሜያቸውን ያርዝምልዎ፣ አርፈው ከሆነም በፈተና ሳምንት እንዳላረፉ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሰልዋ ኑሪ እባላለሁ፤ ሕክምና ለመግባት ዓመቱን ሙሉ ያጠናሁ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አባቴ ካረፈ ወዲህ ሽሮ ሜዳ ነጠላ ሸጣ ያሳደገችኝ እናቴ ዓሊማ፣ ገና ምደባው ሳይደርስ ለሸማኔ ነግራ የሐኪም ጋዋኔን ጨርቅ አሠርታ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣልኝ ነበር። ሐኪም ሸማ አይለብስም ብላት፣ የፋብሪካ ጨርቅ ለብሰሽ ሽሮ ሜዳ ላይ ልታዋርጂኝ ነው ወይ ብላ ተቆጣችኝ።

ቅሬታዬን በታላቅ አክብሮት እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. እናቴ የባዮሎጂ ማጠቃለያ ፈተና በዋለበት ዕለት ማለዳ ቤቷ አረፈች። እኛ ዘንድ ሬሳ አያድርምና የዚያኑ ቀን ተቀበረች። ለቀብሩም ለፈተናውም በአንድ ጊዜ መድረስ አልቻልኩምና ከእናቴ ዘንድ ቀረሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

፪. የሞት ማስረጃ በአምስት ቀን ውስጥ እንዳመጣ ታዘዝኩ። ወረዳው የሆስፒታል ወረቀት ጠየቀኝ፤ ቤቷ ለሞተች ሴት የሆስፒታል ወረቀት ከየት ይመጣል? ምስክሮች ይዤ ስመላለስ ማኅተም ያዥዋ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሰባተኛው ቀን ማስረጃውን ሳቀርብ፣ ቢሮዎ ቀኑ እንዳለፈ በትሕትና ነገረኝ። ሰው ወረቀቱን ጨርሶ መሞት እንዳለበት ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

፫. ለባዮሎጂ ዜሮ ተሰጠኝ፣ በምደባውም ጂኦሎጂ ደረሰኝ። መቼም ድንጋይ አይታመምም፣ ቀብሩም ፈተና አያስቀርም። ስለ አሳቢነትዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

፬. ይህ እንኳን ቅሬታ አይደለም። ለከፈን ነጭ ጨርቅ በጥድፊያ ሲፈለግ፣ አክስቴ ሣጥኑን ከፍታ የጋዋኔን ጨርቅ አወጣች። እኔም እሺ አልኩ። ልቤ ተሰብሯል፤ ይህን በጨዋ ቃል የምጽፍበት መንገድ አላገኘሁም። የእናቴ ደም ግፊት ሲነሣ እጄን አጣጥፌ እንዳላይ ነበር የማጠናው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያመለጠኝን ፈተና ያስፈትኑኝ። ብወድቅ ወደ ድንጋዬ እሄዳለሁ።

ከቢሮዎ ደጅ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ የትዕግሥት ትምህርት የቀሰምኩ፣ ታዛዥዎ
ሰልዋ ኑሪ፣ ከጉለሌ

ማሳሰቢያ፦ ማመልከቻዬ የሚታየው በማኅደሬ የተመዘገበችው አሳዳጊዬ በአካል ቀርባ ስትፈርም ብቻ መሆኑን ትናንት በደብዳቤ ገልጸውልናል። ደብዳቤው የተጻፈው ለወይዘሮ ዓሊማ ስለሆነ፣ መቃብሯ ድረስ ሄጄ አንብቤላታለሁ። እሷ መምጣት ስለማይሆንላት እርስዎ ፎርሙን ይዘው ብቅ ይበሉ። ስብሰባ የለባትም፤ ጋዋኔን ለብሳ ትጠብቅዎታለች።