የእናትሽን ፕሮግራም ያጠፋሁበት ምክንያት

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 9 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣ ለጩጬዬ፦

ሥራው እንዴት ይዞሻል? ብርዱስ? እኔ ደህና ነኝ። በስልክ መንገር እየቻልኩ ለምን ወረቀት እንዳነሳሁ ይገርምሽ ይሆናል። በስልክ ድምፄን ሰምተሽ «አባዬ፣ ምን ሆነሃል?» ትይኛለሽ፤ ያኔ መዋሸትም እውነቱን ማውጣትም ያቅተኛል። ምድር ቤት ያለችው ብሎን ይህንን በስልኳ ፎቶ አንስታ ዛሬውኑ ትልክልሻለች።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ። የእናትሽን ፕሮግራም ከኮምፒውተሩ ላይ አጥፍቻለሁ። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልንገርሽና ከዚያ ፍረጂኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ደረጃ ስወጣ ትንሽ አዞረኝ። ያኔ «እግሬን አሞኝ ነው» ያልኩሽ እሱን ነው። ባለፈው ሐሙስ ሐኪሙ ደረቴ ላይ የምትለጠፍ፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል የልብ ምት መመዝገቢያ ሰጠኝ። ቀን ከሌት ትመዘግባለች፤ ጠዋት ጠዋት በዩኤስቢ ኬብል ከኮምፒውተሩ ጋር ሳገናኛት የክሊኒኩ ፕሮግራም መዝገቡን ተቀብሎ ይልካል። ልጄ የጫነችልን ሊኑክስ የሚባል ሲስተም ነው፣ ይሠራል ወይ ብዬ ነርሷን ጠየቅኋት። አጣርታ ይሠራል አለችኝ። አርብ ጠዋት ሰካኋት። «መሣሪያ አልተገኘም» ይላል። ነቅዬ ሰካሁ። አልተገኘም።

መቼም ታውቂኛለሽ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ መስመር ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። መስመር ሲጠፋ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሽቦውን ነው። ኬብሉን ቀየርኩ፤ አንዳንዱ ኬብል ኤሌክትሪክ ብቻ እንጂ መረጃ እንደማያሳልፍ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። መሰኪያውንም ቀየርኩ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሳሁት። ከዚያ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ የተሰካውን ሁሉ ዘርዝርልኝ አልኩት። ስሟ አለ። ኮምፒውተሩ ያያታል፣ ፕሮግራሙ ግን አያገኛትም።

ቅዳሜ ነርሷ ደወለች። መዝገቡ እንዳልደረሳቸው፣ ሐኪሙም እሱን እየጠበቀ እንደሆነ ነገረችኝ። ይዤላችሁ ልምጣ አልኳት፤ አራት ፎቅ ደረጃ ወርደው ሊወጡ ነው ወይ ብላ ተቆጣችኝ። መሣሪያዋን የሰጡኝ ደረጃውን እንዳልነካ ነዋ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። ጭንቀት ደግሞ ልብ ያስመታል፤ እሷም ደረቴ ላይ ቁጭ ብላ ጭንቀቴን ትመዘግባለች።

ምድር ቤት ያለችውን ኮምፒውተር ጠጋኝ መቼም አትረሻትም፤ እናትሽ ከኪሷ ብሎን አይጠፋም ብላ «ብሎን» ያለቻት። እሑድ መጣችልኝ። ምናልባት ፈቃድ አልተሰጠህ ይሆናል ብላ ስሜን የተሰካ ዕቃ እንዲጠቀሙ ከተፈቀደላቸው መካከል አስገባች። ለውጥ የለም። ሲጨንቃት ሁሉንም ጠርጋ ሌላ ሲስተም ልትጭንልኝ አሰበች። አይሆንም አልኩ። ከሄድሽ ወዲህ ከእጅሽ ሥራ እዚህ ቤት የቀረው እሱ ነው።

ሰኞ ጠዋት መነጽሬን አድርጌ፣ ኮምፒውተሩ የገጠመውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ መስመር በመስመር አነበብኩ። ስሰካት «መጣች» ይላል። ቀጥሎ ሌላ ፕሮግራም ያዛት ይላል። ከዚያ «ተቋረጠች»። ነቅዬ ስሰካ ያው ሦስት መስመር። የያዛትን ፕሮግራም ስም ሁለቴ አነበብኩት። የእናትሽ ዓይን ከጠፋ በኋላ የጫንሽላት የብሬል ፕሮግራም ነው።

ለካ መሣሪያዋ ውስጥ ያለችው ማገናኛ ቺፕ እናትሽ በጣቷ ታነብበት በነበረው ማንበቢያ ውስጥ ከነበረችው ጋር አንድ ዓይነት ናት። እሷ ካረፈች በኋላ ማንበቢያውን ለዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ከሰጠን ዓመት ከአራት ወር አለፈው። ፕሮግራሙ ግን ይህን ማን ነግሮት? ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ተነስቶ እናትሽን ይጠብቃል። የመጣውን ሁሉ የእሷ ነው ብሎ ይይዛል።

ብሎንን ጠርቼ ስነግራት ወንበር ስባ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ማስወገድ ነው። አንድ መስመር ትእዛዝ ናት።»

ማስቆም ብቻ አይበቃም ወይ አልኳት። ለጊዜው ይበቃል፣ ሲስተሙ ራሱን ሲያድስ ግን ተመልሶ ሊነሳ ይችላል፤ ያን ቀን ደግሞ መዝገቡ አይደርስም አለች። እሷ ልትጫነው እጇን ስትሰድ ራሴ አደርገዋለሁ ብዬ ሸኘኋት።

ትእዛዙን ጻፍኩ። ይወገድ ወይስ ይቅር ብሎ ጠየቀኝ። ልጄ፣ እናትሽ በሃምሳ ስምንት ዓመቷ ፊደል እንደገና ስትቆጥር፣ አንድ መስመር ለማንበብ ግማሽ ቀን ሲፈጅባት፣ «ዝም በለኝ፣ እየደረስኩ ነው» ስትለኝ ከጎኗ ነበርኩ። ሰኞን ሙሉ ሳልመልስለት ዋልኩ። ምሳም አልበላሁ። ዛሬ ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ግድግዳ ይዤ ቆየሁ። ከዚያ ሄጄ ይወገድ አልኩት።

ሰካኋት። ወዲያው ተገኘች። የአምስት ቀን መዝገብ በሁለት ደቂቃ ሄደ። እንደ ሕፃን ደስ አለኝ፤ ልደውልልሽም ስልኩን አንስቼ ነበር። ነርሷ ቀደመችኝ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ዛሬ አልተቆጣችኝም፤ እንዲያውም ድምፅዋ ለስለስ ያለ ነበር። ነገ ጠዋት መኪና ይላክልዎታል፣ ጥቂት ቀን ይቆያሉ አለችኝ።

«አብሮዎት የሚሆን ቤተሰብ አለ?»

«ልጅ አለችኝ» አልኳት። «ሩቅ ናት።»

«እንግዲያው ዛሬውኑ ይንገሯት።»

ይኸው ነገርኩሽ። ብሎን ሁሉንም ሰው የሚጠይቁት ጥያቄ ነው ብላኛለች፤ ሱቋን ዘግታ እሷ ትሸኘኛለች። አንቺ አታስቢ። ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ።

ለማወቅ ያህል ብቻ፣ የቤቱ ቁልፍ ብሎን ዘንድ ነው። ክፍልሽንም አናፍሼዋለሁ፤ አንሶላውን ቀይሬ፣ ወፍራሙን ብርድ ልብስ እግርጌ አድርጌልሻለሁ። ፀሐይ ስለወጣ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

እጅሽ የነካው ይቃናልሽ። የምትረግጪው ይለስልስልሽ። ስትደክሚ ደግፎ የሚይዝሽ ሰው አይጥፋብሽ፣ ልጄ።

አባትሽ