ጥቆማው ይዘጋልኝ

እሑድ፣ ኅዳር 14

ዛሬ በቀበሌው አዳራሽ ፖሊስን የሚቆጣጠሩ የሕዝብ ተወካዮች መረጥን። ጎረቤቴ ኦቦ ቶሎሳ ጠዋት ቤቴ መጥተው፣ "በል እኔን ጠቁመኝ፤ ሰው ራሱን ሲጠቁም ነውር ነው" አሉኝ። አምና ከጫንጮ ገበያ ሲመለሱ ተይዘው፣ ለምን እንደሆነ እንኳ ሳይነገራቸው ሦስት ቀን ታስረው የወጡ ሰው ናቸው። ከእሳቸው የተሻለ ማን ይቆጣጠር? "እሺ አባባ" አልኩ።

መድረኩ ላይ የተቀመጠው ግን የፖሊስ አዛዡ ራሱ ነው። ሰብሳቢው "ሌላ ጥቆማ?" ሲል እጄን አወጣሁ። አዛዡ ቀና ብሎ አየኝና እስክሪብቶውን አነሳ።

"ሰዓቱም ስለሄደ፣ ጥቆማው ይዘጋልኝ" አልኩ። እኔው ነኝ ያልኩት፣ በዚህ አፌ! ተጨበጨበልኝ። ከአዛዡ ጋር ሲስቁ የሚውሉት ተመረጡ።

ኦቦ ቶሎሳ ከኋላ ነበሩ፤ ጆሯቸውም ደከም ብሏል። በሩ ላይ እጄን ይዘው፣ "ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ ልጄ፣ እጅህን ስታወጣ አይቻለሁ። ቀደሙህ አይደል?" አሉኝ።

"አዎ፣ ቀደሙኝ" አልኳቸው።