ደህና ነው ያልኩት ቧንቧ

ውድ የትምወርቅ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «እኔ ደህና ነኝ» ይባላል። በዚያ ጀምሬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። ከቤት ያስወጣሽን ቃል ዓለም ከተማ፣ እህትሽ ቤት ድረስ መላክ አላስቻለኝም። ስልኬን አታነሺም፤ እንግዲያው ስለ ቧንቧው ልጻፍልሽ።

የገላ መታጠቢያ ገንዳው ላይ ያለውን፣ ሊወልቅ እንደደረሰ ጥርስ የሚነቃነቀውን ነው የምልሽ። ዓመት ሙሉ ነገርሽኝ። እኔም ከማኅሌት ስመለስ በአንድ እጄ ዳሰስ አደርገውና «ደህና ነው» ብዬሽ እቀመጣለሁ።

በሄድሽ በወሩ ስከፍተው ዘንበል ብሎ ውሃውን ግድግዳው ላይ ለቀቀው። መፍቻ ይዤ ታገልኩት፤ ባጠበቅሁት ቁጥር ይባስ ብሎ ይሰምጣል። በመጨረሻ አናጢውን ትዕዛዙን ጠራሁት። ተንበርክኮ ከገንዳው ስር ባትሪ አበራና ብዙ ቆየ።

«መሪጌታ፣ ቧንቧው ምንም አልሆነም» አለኝ። «የተሸከመው ጣውላ ነው የበሰበሰው።»

ጣውላው ውሃ እንደጠጣ ዳቦ በጣቱ ፈረሰ። ባሕር ዛፍ ነበር። ቤታችንን ስንሠራ ጥዱን ለቤተ ክርስቲያኑ ቤተ ልሔም በር ሰጥቼ የተረፈውን ለእኛ አደረግሁት። ይሄ ውሃ ይችላል ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ምን ብዬ እንደመለስኩ ታውቂዋለሽ።

ከፍርስራሹ መሀል ጨርቅ ወጣ። ተጠቅልሎ የተወተፈ የባና ቁራጭ፣ ከአልጋችን የሱፍ ባና ጠርዝ የተቆረጠ። ከጀርባው ሌላ፣ ጠቁሮ የሻገተ። ሲርስ በደረቅ እየለወጥሽ ደግፈሽው ኖሯል። ለካ እኔ ደህና ነው የምለው አንቺ ይዘሽልኝ ነው። ባናውን በየማታው ስለብሰው ጠርዙ መጉደሉን እንኳ አላየሁም።

ትዕዛዙ ይሄን ማን ወተፈው ሲለኝ ወደ ጓሮ ወጣሁ። አለቀስኩ፣ የትምወርቅ።

ከእናትሽ ተዝካር ተመልሰሽ ሳምንት ሙሉ ዝም ስትዪ «ደህና ነሽ» አልኩሽ። የጠየቅሁሽ አስመሰልኩ እንጂ መልስሽን ሳልጠብቅ ድጓዬን ገልጬ ነበር። ያኔ አጠገብሽ ተቀምጬ ስለ እናትሽ ባስወራሽ ምን ነበረበት። በማግስቱ ሻንጣሽን ይዘሽ ወጣሽ።

ጣውላውን በጥድ ለወጥነው። ለመጽሐፍ መደርደሪያዬ አስቀምጬው የነበረው ነው፤ አንዴ እንኳ እንድትነኪው ያልፈቀድኩልሽ። ትዕዛዙ ቧንቧውን ከላይ ያዘ፣ እኔ ጥምጥሜን አውልቄ ከስር በጀርባዬ ተኛሁና ዳዶውን አጠበቅሁ። ብታዪኝ ትስቂ ነበር። ሳቅሽ ናፍቆኛል። ከማኅሌት ስመለስ ከውስጥ ሆነሽ ጉሮሮሽን ጠረግ ስታደርጊ የምሰማው፣ እሱም ናፍቆኛል።

የባናውን ቁራጭ አጥቤ አድርቄዋለሁ። ከወደድሽ አንቺው ትሰፊዋለሽ፤ ካልሆነም እኔ እሞክራለሁ።

ትናንት ጎረቤታችን ኮከቤ በአጥር በኩል እንደምን ዋሉ ስትለኝ «ደህና አይደለሁም» አልኳት። ደንግጣ የያዘችውን ሰፌድ ለቀቀችው። ለሰው እንዲህ ብዬ ስመልስ የመጀመሪያዬ ነው፤ መጀመሪያ ለአንቺ ነበር ማለት የነበረብኝ።

ይህን ወረቀት የሚያደርስልሽ መርስዔ ኃዘን ነው፤ ሐሙስ ይመለሳል። አብረሽው ብትመጪ መናኸሪያው ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ባትመጪም እቆማለሁ።

ቧንቧው ተሠርቷል። ደህና ነው ግን አልልሽም። መጥተሽ በእጅሽ ነቅንቂውና አንቺ ንገሪኝ።

ደህና ያልሆነው ባልሽ
ዓምደ ሚካኤል
ሞላሌ